«18» ብላችሁ አትጻፉ

እንግሊዝ አገር በሄልዝኬር አሲስታንትነት (በነርሶች ረዳትነት) የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ «ጋሼ፣ ለሌቭል 5 አፕረንቲስሺፕ ልመዘገብ ነው፤ አሲስታንት ፕራክቲሽነር ስሆን ከአሁኑ በላይ ምን ምን ይፈቀድልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። አሲስታንት ፕራክቲሽነር ከእሷ ሥራ በላይ፣ ከነርስ በታች ያለ ረዳት ነው፤ አፕረንቲስሺፕ ደግሞ እየሠሩ መማር። ጥያቄዋ ነውር የለበትም። እኔን ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ሁሉም የሚጠይቀው ገና ስላልተፈቀደለት ነገር ነው፦ ደም ስለመቅዳት፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ስለማስገባት፣ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ስለማንሳት። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በእጁ ስላለችው፣ በየዋርዱ (በየሕሙማን ማደሪያው) ግን በግምት ስለምትሞላው አንዲት ቁጥር የሚጠይቅ የለም። የትንፋሽ ቁጥር ማለቴ ነው፤ ሰው በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ።

የማንኛውንም ዋርድ የኦብስ ሰንጠረዥ (ምት፣ ግፊት፣ ሙቀትና ትንፋሽ የሚጻፍበትን) ግለጡና የትንፋሹን መስመር እዩ። 18፣ 18፣ 16፣ 18። ሃያ አራቱም ሕመምተኛ በአንድ ሳንባ የሚተነፍስ ይመስላል። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱንና ኦክስጅኑን ማሽኑ ይነግራችኋል፤ ሙቀቱን ቴርሞሜትሩ። ትንፋሽ ብቻ ሰዓትና ዓይን ያለው ሰው ቆሞ እንዲቆጥራት ትጠብቃለች፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ። ስምንት ሕመምተኛ የያዘ ሰው ስምንት ደቂቃ የለኝም ይላል፤ ባዶ ቦታ መተው ደግሞ ያስጠይቃል። ስለዚህ 18፣ ደህና የሚመስለው ቁጥር።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ለማስረዳት ያህል አንድ ሰንጠረዥ እንሥራ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ትናንት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው የ78 ዓመት እናት እንበል። በ10:00 የልብ ምታቸው 88፣ የላይኛው የደም ግፊት 132፣ ተጨማሪ ኦክስጅን ሳይሰጣቸው ንባቡ 96 በመቶ፣ ሙቀታቸው 37.2 ነው። በ14:00 ምት 96፣ ግፊት 124፣ ኦክስጅን 95፣ ሙቀት 37.6። በ18:00 ምት 108፣ ግፊት 112፣ ኦክስጅን 94፣ ሙቀት 37.9። ነቅተዋል፣ ይናገራሉ። በትንፋሹ መስመር ሦስቴም 18 ተጽፏል።

አሁን በኒውስ 2 ነጥብ እንስጥ፤ ሕመምተኛ እየባሰበት መሆኑን ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ የነጥብ አሰጣጥ ነው። ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሽያንስ የተባለው የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው መለኪያ ነው፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሚሠሩበት። በ10:00 ነጥባቸው ዜሮ ነው። በ14:00 ለምቱ አንድ፣ ለኦክስጅኑ አንድ፣ ድምሩ ሁለት። በ18:00ም እንዲሁ ሁለት። ድምሩ ከ1 እስከ 4 ከሆነ ቀጣዩ ምርመራ ቢዘገይ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ረዳቱ ልጅ ይጽፋል፣ ይሄዳል፣ ሺፍቱም ይቀየራል።

ያው ሰው ቆሞ ቢቆጥርስ? በ14:00 ትንፋሹ 22 ነበር እንበል። ከ21 እስከ 24 ሁለት ነጥብ ስለሚያሰጥ ድምሩ አራት ይሆናል፤ ነርሷ ታውቃለች፣ ዓይኗን ታነሣለች። በ18:00 ደግሞ 26 ነበር። 25 እና ከዚያ በላይ ብቻውን ሦስት ነጥብ ነው። ድምሩ አምስት ሆነ። አምስት ማለት ሐኪም ወይም ብቃት ያለው ባለሙያ በአስቸኳይ ይያቸው፣ ቢያንስ በየሰዓቱ ይለካ ማለት ነው። የሳንባ ምች ይሁን፣ ደም መርጋት ይሁን፣ የቁስል ኢንፌክሽን ይሁን ለማወቅ ያ ምሽት ይበቃ ነበር። በአንዲት የውሸት ቁጥር የተነሣ ምሽቱ ሙሉ ባከነ። ሌሎቹ ቁጥሮች በሙሉ እውነት ነበሩ፤ ያናድደኛል የምለው ይህን ነው።

ትንፋሽ ለምን ቀድማ ትነግራለች? ሰውነት ሲታመም፣ ደም ሲያጣ ወይም ኢንፌክሽን ሲሠራጭበት በደም ውስጥ አሲድ ይከማቻል። አንጎል አሲዱን ለመቀነስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቶሎ ቶሎ ያስወጣል፤ ማለትም በፍጥነት ያስተነፍሳል። የኦክስጅኑ ንባብ ለጊዜው ደህና የሚመስለውም በዚያ ጥረት ነው። ጥረቱ ሲያቅት ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ ግፊቱ ይከተላል፤ ያኔ ግን ዘግይቷል። በተቃራኒው ሞርፊን የወሰደ ሰው ትንፋሹ ይቀንሳል፦ ከ9 እስከ 11 አንድ ነጥብ፣ 8 እና ከዚያ በታች ሦስት። እንቅልፍ የወሰደው የሚመስለውን ሰው «ይረፍ» ብላችሁ አትለፉት።

አቆጣጠሩን ስሙኝ። ሰውየው «ትንፋሽዎን ልቁጠር» ከተባለ አተነፋፈሱን ይለውጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ አንጓው ላይ ምቱን ያዙ፤ ምቱን ስትጨርሱ ጣታችሁን አታንሡ፣ ዓይናችሁን ወደ ደረቱ ወይም ወደ ሆዱ አዙሩ። ብርድ ልብሱ ወፍራም ከሆነ የያዛችሁትን እጁን ደረቱ ላይ አሳርፉት፤ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። መነሣትና መውረድ አንድ ላይ አንድ ትንፋሽ ነው። ስልሳ ሰከንድ ሙሉ። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የለመደ አለ፤ አንድ ትንፋሽ ቢሳሳት አራት ይሳሳታል፣ 20ውን ሰው 24 ወይም 16 ያደርገዋል። ከሽንት ቤት እንደተመለሰ፣ እየበላ ወይም እያወራ አትቁጠሩ። ከቁጥሩ ጋር ሌላም እዩ፦ የአንገት ጡንቻ እየተሳበ ነው? ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል? እነዚህ በሰንጠረዡ ላይ ሳጥን የላቸውም፤ ለነርሷ በአፍ ይነገራሉ።

ስለ ኦክስጅን ንባብ አንድ ነገር ልጨምር። የጣት መለኪያው ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል ተረጋግጧል። የእኛን ሰው 94 ሲያነብላችሁ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። የቀዘቀዘ ጣትና የጥፍር ቀለምም ያሳስታሉ። በነጥብ መስጫው ላይ ሁለት ስኬል አለ፤ ከ88 እስከ 92 የሚፈቅደው ሁለተኛው ለተወሰኑ የሳንባ ሕመምተኞች ብቻ ነው፣ እሱንም ሐኪም ወስኖ ይጻፈው። ነጥቡ ስለሚቀንስ ብቻ በራሳችሁ እዚያ ላይ አትጻፉ።

በመተኛት ብዛት የሚመጣ ቁስልም እንዲሁ ነው። መማሪያዎቹ «መቅላት» ይላሉ፤ በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም። ተረከዝንና ወገብን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ፦ ከአካባቢው ይሞቃል? ይጠጥራል? ጠቁሯል? ሕመምተኛው ሲነካ ይሸሻል? ቁስሉ እስኪከፈት መጠበቅ የለበትም።

የእኛ አረጋውያን ሕመማቸውን በቁጥር አይሰጡም። «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያምዎታል?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ እንግሊዛዊቷ ዜሮ ትጽፋለች። እናንተ ግን «ተመስገን» ሕመም የለም ማለት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሲገላበጡ ፊታቸው እንዴት ነው? እጃቸው የት ላይ ነው? ትናንት በእንግሊዝኛ ሲመልሱ የነበሩ እናት ዛሬ አማርኛ ብቻ ከተናገሩና የሚሉት ነገር ካልተያያዘ፣ አዲስ የመጣ ግራ መጋባት በኒውስ ላይ ብቻውን ሦስት ነጥብ ነው። ይህን ከቋንቋ ችግር መለየት የምትችሉት ምናልባት በዚያ ሺፍት እናንተ ብቻ ናችሁ። ይህን ስል ግን አስተርጓሚ ሁኑ ማለቴ አይደለም። ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ ሲጠየቅ ሆስፒታሉ የሚጠራው አስተርጓሚ ይምጣ፤ እናንተ ውሃ ልስጥዎ በሉ።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ መናገር አለ። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይገባል። ከታላቅ ጋር መከራከር ነውር ነው ተብለን አድገናል፤ ነርሷ «እሺ፣ መጣሁ» ብላ ስትቀር ሁለተኛ መጥራት ይከብደናል። ለዚህ ነው ኤስባር የሚባለውን የአነጋገር ሥርዓት (ሁኔታው፣ ታሪኩ፣ ያያችሁት፣ የምትፈልጉት) የምወደው፤ ድፍረት አይጠይቅም፣ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። «አልጋ 6፣ ኒውሳቸው አምስት ሆኗል። ትናንት የዳሌ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ናቸው፣ ጠዋት ዜሮ ነበሩ። ትንፋሻቸው 26፣ ኦክስጅን 94 ነው፣ ከጠዋቱ ይልቅ የደከሙ ይመስለኛል። አሁን መጥተሽ እንድታያቸው እፈልጋለሁ፤ እስከዚያ በየሰዓቱ እለካለሁ።» ያነጋገራችሁትን ሰውና ሰዓቱን ጻፉ፤ በ24 ሰዓት አቆጣጠር እንጂ በእኛ አይደለም። አዲስ የመጡ ልጆች በውስጣቸው «አሥር ሰዓት» እያሉ 10:00 ሲጽፉ ታዝቤያለሁ፤ የ16:00ን መድኃኒት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ወሰዱት ማለት ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አሲስታንት ፕራክቲሽነር በእንግሊዝ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር የሚወስድ ሌቭል 5 ሥልጠና ነው፤ ተቀጥራችሁ፣ ደመወዝ እየተከፈላችሁ፣ የትምህርቱን ክፍያ ሳትከፍሉ። ብዙዎቹ ከፋውንዴሽን ዲግሪ (ከሙሉ ዲግሪ በታች ካለው) ጋር ያያይዙታል። ሲያበቃ የሚጠበቀው የደመወዝ እርከን ባንድ 4 ነው። ደም መቅዳትም ካቴተርም እንደ ዋርዳችሁ ይመጣሉ፤ በፊዚዮቴራፒም፣ በራጅ ክፍልም፣ በኦፕሬሽን ክፍልም የሚሠሩ አሉ። ሆኖም ልዩነቱ የተግባሮቹ ብዛት አይመስለኝም። ነርሷ ሥራውን ሰጥታችሁ ስትሄድ፣ በተሰጣችሁ ወሰን ውስጥ ራሳችሁ ታስባላችሁ፣ ወሰኑ ሲያልቅም ትቆማላችሁ። ሥራውን በአግባቡ የመስጠት ኃላፊነት የእሷ ነው፤ «ይህን አልተፈተንኩበትም» የማለቱ ደግሞ የእናንተ።

ከነርሲንግ አሶሺየት ጋር አታምታቱት። እሱም ሌቭል 5፣ ሁለት ዓመት ነው፤ ግን ከጥር 2019 ጀምሮ በነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት መዝገብ ላይ ይመዘገባል፣ አሲስታንት ፕራክቲሽነር አይመዘገብም። ነርስ መሆን የምትፈልጉ ከሆነ ያኛው መንገድ ያሳጥርላችኋል። ከአገር ቤት በነርሲንግ ዲግሪ ይዛችሁ መጥታችሁ በአሲስታንትነት ላይ የቀራችሁ ግን ሁለቱንም አትጀምሩ ባይ ነኝ፤ እንግሊዝኛውን ፈተና አልፋችሁ፣ የምክር ቤቱን የኮምፒውተርና የተግባር ፈተና ተፈተኑ። ዲግሪያችሁን ሳጥን ውስጥ አስቀምጣችሁ ከታች መጀመር ትሕትና አይባልም።

የረዳቶች ሥልጠና እንዴት እንደመጣ ታሪኩንም ብታውቁት ደስ ይለኛል። በስታፎርድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 በነበረው ቸልተኝነት ላይ የተደረገው የሕዝብ ምርመራ ሪፖርት በየካቲት 2013 ወጣ። ውሃ ያላገኙ፣ ያልታጠቡ፣ ደወል ደውለው ሰው ያልመጣላቸው ሕመምተኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት ካሚላ ካቨንዲሽ ስለ ረዳት ሠራተኞች ያቀረበችው ግምገማ ወጥ የሆነ መነሻ ሥልጠና እንዲኖር ጠየቀ፤ በሚያዝያ 2015 ኬር ሰርተፊኬት በ15 መመዘኛዎች ተጀመረ። እናንተ «አሰልቺ ሞጁል» የምትሉት እሱ ነው። ውሃ የማቅረብ ምዕራፍ ለምን እንደተጻፈ አሁን ገባችሁ።

ደም መቅዳት ስትማሩ ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ፣ ሌላውን ያስተምሯችኋል። አንደኛው የቱቦዎቹ ተራ ነው፣ በክዳናቸው ቀለም፦ የደም ካልቸር (የጀርም ምርመራ) ካለ እሱ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ወርቃማ፣ ሐምራዊ፣ ሮዝ፣ ግራጫ። በሐምራዊው ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ፖታሲየም ስላለበት ወደ ወርቃማው ከገባ ፖታሲየሙ በሐሰት ከፍ ይላል፣ ካልሲየሙ ይወርዳል፤ ጤነኛ ሰው ለልብ አደጋ ይታከማል። ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው ደም አትገልብጡ። ሰማያዊው እስከ ምልክቱ ካልሞላ ላብራቶሪው ይመልሰዋል።

ሁለተኛው የሕመምተኛው ማንነት ነው። «አቶ እገሌ ነዎት?» አይባልም፤ የደከመ ሰው «አዎ» ይላል። ስምዎን ከነአባትዎ፣ የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ ይባላል፤ ከእጅ ማሰሪያው ጋር ይመሳከራል፤ ቱቦው ላይ ስም የሚጻፈው አልጋው አጠገብ፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው። የእኛ ሰው የተወለደበትን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲናገር ማሰሪያው ላይ ካለው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያል። የአባቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግቦ፣ የአያቱ ስም ጭራሽ ጠፍቶ ሊሆንም ይችላል። ምክንያቱን ስለምታውቁ «ይሄ እኮ እሳቸው ናቸው» ብላችሁ አትቅዱ። ለነርሷ ንገሯት፣ መዝገቡ ይስተካከል፣ ከዚያ ይቀዳ።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ዘመን ይልቅ ትጠይቃላችሁ፣ ይህ ያስደስተኛል። ስልካችሁን ግን ዋርድ ውስጥ አትወዱትም ብል ውሸት ነው። ለፖርትፎሊዮ (ለሥራ ማስረጃ ማኅደራችሁ) ብላችሁ ሰንጠረዥ ፎቶ አታንሡ፤ ስሙ ቢሸፈንም አልጋ ቁጥርና ሰዓት ሰውን ያሳውቃል። ለማስረጃ የሚሆን የራሳችሁ ጽሑፍ ነው፤ በዚያው ሳምንት የተጻፈ። የመጨረሻው ፈተና ላይ በሥራ ላይ ስትታዩ ያልታየውን ሁሉ በዚያ ወረቀት ነው የምትከራከሩት።

ውል ከመፈረምሽ በፊት የዋርዱን ሥራ አስኪያጅ ሦስት ነገር ጠይቂያት። የትምህርት ሰዓቴ በሺፍት ዝርዝሩ ላይ ተለይቶ ይጻፋል ወይስ ሰው ሲጎድል ተመልሼ እጠራለሁ? የሚገመግመኝ ሰው ከእኔ ጋር በአንድ ሺፍት ይመደባል? ሥልጠናው ሲያልቅ የባንድ 4 ቦታ በዚሁ ዋርድ ተይዞልኛል? ሦስተኛውን በጽሑፍ ካልሰጠችሽ፣ በዚያው ትረስት (ሆስፒታሉን በሚያስተዳድረው ድርጅት) ሌላ ዋርድ ውስጥ ማመልከት ይሻላል።