ከአንድ ሺህ ሜትር በታች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ጥልቅ ባሕር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ እዚያ ጨለማ ውስጥ የምር ሕይወት አለ?

መልስ፦ ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ ተመራማሪ በ1843 (እ.ኤ.አ.) ከ550 ሜትር ገደማ በታች ምንም አይኖርም ብሎ ነበር፣ ብዙ ሰውም አመነው። በ1869 (እ.ኤ.አ.) «ፖርኩፓይን» የተባለች መርከብ ከ4,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የባሕሩን ወለል ስትጠርግ ግን በሕይወት ያሉ እንስሳት ወጡላት። በቃ፣ ክርክሩ አለቀ።

ጥያቄ፦ የጥልቁ ባሕር ሽሪምፖች (ብዙ እግር ያላቸው ትንንሽ የባሕር እንስሳት) ለምን ቀይ ሆኑ? አይታዩም እንዴ?

መልስ፦ እንዳይታዩ ነው እኮ! ቀይ ብርሃን ውኃ ውስጥ ቶሎ ይጠፋል፣ ስለዚህ ታች ላይ ቀይ ማለት ጥቁር ነው። አካንቴፊራ የሚባለው ሽሪምፕ ደግሞ ሲደነግጥ ከአፉ አካባቢ የሚያበራ ፈሳሽ ይረጫል። ጠላቱ ዓይኑ ሲጭበረበር እሱ እብስ ይላል።

ጥያቄ፦ ከዚያ የሚወጣ ዓሣ ይበላል? ፎቶውን አይቼ አስጠላኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ መልኩን ተይው። የፖርቱጋል በሆነችው ማዴይራ ደሴት ላይ «እስፓዳ» የሚሏት ዓሣ አለች። እንደ ቀበቶ ረዝማ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች፣ ቆዳዋ ጥቁር፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ጥርሷ መርፌ ነው። አጥማጆቹ ብዙ መንጠቆ ያለው ረጅም ገመድ 1,000 ሜትር አካባቢ ድረስ ያወርዱላታል። ከዚያ በተጠበሰ ሙዝ ትቀርባለች። ሙዝ ከዓሣ ጋር? አዎ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ሥጋዋ ግን ነጭና ለስላሳ ነው።

ጥያቄ፦ ኦሬንጅ ራፊ የሚባለው ዓሣ ለምን ተመናመነ? ዓሣ ይራባል አይደል?

መልስ፦ እሷ አትቸኩልም። ለመራባት ከ20 ዓመት በላይ ትጠብቃለች፣ ከ100 ዓመት በላይም ትኖራለች። ዕድሜዋ የሚታወቀው ጆሮዋ ውስጥ ያለችው ጠጠር ተቆርጣ ቀለበቶቿ ሲቆጠሩ ነው፣ ልክ እንደ ዛፍ ግንድ። ችግሩ ለመራባት ባሕር ውስጥ ባሉ ተራሮች ላይ ተሰብስባ መቆሟ ነው፣ መረብ የሚጎትት መርከብ ከአያትህ የምትበልጠውን ዓሣ በአንድ ጊዜ በቶን ያፍሳታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከ800 ሜትር በታች ወለል ላይ መረብ መጎተትን ከለከለ። ለእኔ ዘግይቷል።

ጥያቄ፦ እዚያ የሞተ ዓሣ ማን ያነሳዋል?

መልስ፦ አምፊፖድ የሚባሉ የሽሪምፕ ዘመዶች። ሽታው እንደደረሳቸው ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይወሩታል፣ የሚተርፈው አጥንት ነው።