ታርማበር ላይ ለምን እንሰለፋለን? ስለ መንገድ አቅምና ስለ ትራፊክ ፍሰት ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁ በርከት ብለው ነው የመጡት። ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከቻቻም አሉ። ግማሽ ያህሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ነገር ላይ ነው፦ መንገዱ ሳይሞላ ለምን እንሰለፋለን? ሥራዬ የመንገድ ትራፊክ ስለሆነ በደስታ እመልሳለሁ። ቀመር የማመጣው የግድ ሲሆን ብቻ ነው።

ጥያቄ (የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሾፌር፣ ደብረ ሲና)፦ ወደ ታርማበር ስወጣ ፊቴ አንድ የተጫነ ተሳቢ ከገባ አለቀልኝ። ከኋላዬ ሰልፉ እስከ ታች ድረስ ነው። ግን እኮ መንገዱ ላይ ያን ያህል መኪና የለም። ምንድን ነው ነገሩ?

መልስ፦ ልክ ብለዋል ወንድሜ፣ መኪናው ብዙ አይደለም። ችግሩ መቅደም አለመቻሉ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው።

ዳገቱን ለስሌት 6 ኪሎ ሜትር እናድርገው። ተሳቢው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየጎተተ ይወጣል እንበል። 24 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከኋላ በደቂቃ 4 መኪና፣ ማለትም በሰዓት 240፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይመጣል። 240 መኪና በ60 ሲሄድ በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘው 4 መኪና ብቻ ነው። ይህ ባዶ መንገድ ነው። ሆኖም ማንም መቅደም ካልቻለ፣ ተሳቢው ጫፍ እስኪደርስ ከ70 በላይ መኪና ከኋላው ይሰለፋል።

አሁን ይህን ከአቅም ጋር ያስተያዩት። አንድ መሄጃና አንድ መምጫ ያለው መንገድ፣ ሜዳ ላይና ሁኔታው ሲመች፣ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት እስከ 1,700 የቤት መኪና ያሳልፋል። ሁለቱ አቅጣጫ ተደምሮ 3,200 ገደማ። ይህ የአሜሪካኖቹ የመንገድ አቅም መመሪያ ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የኖረ ቁጥር ነው። እናንተ ደግሞ ገና 240 ላይ ሆናችሁ ነው የምትሰቃዩት። ስለዚህ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ "ስንት መኪና አለፈ?" ብቻ ብሎ መጠየቅ ያሳስታል። መጠየቅ ያለበት፣ አንድ ሰው ከጉዞው ጊዜ ስንት በመቶውን ሌላ መኪና ኋላ ተጣብቆ እንዳሳለፈ ነው። የኛን ዳገት ማንም በዚህ ቢለካው ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የታርማበር ዋሻ ከባህር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ዋሻው ጋ ሲደርስ ሲሶው ሊጎድል ምንም አይቀረው። ስለዚህ ተሳቢ ነጂው ላይ ጡሩምባ አትንፉበት፤ ያለውን ሁሉ ረግጦ ነው የሚወጣው።

ጥያቄ (ከዚሁ የቀጠለ)፦ ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ሙሉውን መንገድ ማስፋት?

መልስ፦ ሙሉውን ማስፋት ተራራ ላይ እጅግ ውድ ነው፤ አንድ በኩል ገደል፣ አንድ በኩል ቋጥኝ። ርካሹ ነገር ዳገት በሚበረታበት ቦታ ላይ ብቻ ለከባድ መኪና የሚሆን ተጨማሪ የመውጫ መስመር መሥራት ነው። ከባዱ ወደ ቀኝ ይይዛል፣ ሌላው ያልፋል። ግን ይህ መስመር የሚያልቅበት ቦታ ወሳኝ ነው። ዳገቱ ሳያልቅ ከተቋረጠ 15 ላይ ያለው ተሳቢና 60 ላይ ያለው ሚኒባስ አንድ መስመር ውስጥ ይገናኛሉ። የሞት ቦታ ነው የሚሆነው። መስመሩ ጫፉን አልፎ፣ ከባዱ መኪና ፍጥነቱን እስኪያነሳ ድረስ መቀጠል አለበት። ቦታው ለዚህ ካልበቃ፣ በየመሃሉ ከባዱ ጥግ ይዞ የሚያሳልፍበት አጭር መጠለያም ብዙ ይረዳል።

ያ እስኪሠራ ግን እባካችሁ፣ ኩርባ ላይ ደርባችሁ አትቅደሙ። በተለይ ጉም ሲወርድ። 24 ደቂቃ ነው፤ ያልቃል።

ጥያቄ (ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት)፦ ሁሉም ፈጠን ብሎ ቢነዳ መንገዱ ቶሎ አይለቅም?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚህ ያስባል። እንቁጠር። መኪናና መኪና መሃል የ2 ሰከንድ ክፍተት ይኑር፣ መኪናው ራሱ 7 ሜትር ይሁን። በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ መኪና ከነክፍተቱ 15 ሜትር ገደማ ይይዛል። በሰዓት 1,000 መኪና ያልፋል። በ60 ስንሄድ ክፍተቱ ወደ 33 ሜትር ያድጋል፤ መኪናው ከነክፍተቱ 40 ሜትር ይይዛል፤ 1,500 ያልፋል። ፍጥነቱ አራት እጥፍ ሆነ፣ የሚያልፈው ግን በግማሽ ብቻ ጨመረ። በ100 ስንሄድ ደግሞ 1,600 ገደማ ነው። ከ60 ወደ 100 ስንሄድ ያገኘነው 100 መኪና ብቻ! የ2 ሰከንዱ ክፍተት እስካለ ድረስ የፈለገ ቢፈጥን ከ1,800 አያልፍም። ክፍተቱን ካጠበብን ደግሞ ያው መጋጨት ነው። ስለዚህ ፍጥነት እርስዎን ቶሎ ያደርስ ይሆናል እንጂ የመንገዱን አቅም ብዙም አይጨምርም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ)፦ ጋሼ፣ ፍሰትና ጥግግት ይምታቱብኛል።

መልስ፦ ፍሰት አንድ ቦታ ቆመሽ በሰዓት ስንት መኪና እንዳለፈ ነው። ጥግግት ከላይ በድሮን ፎቶ ብታነሺ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ስንት መኪና እንዳለ ነው። ፍሰት ማለት ጥግግት ሲባዛ በፍጥነት ነው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ ፍሰት ዜሮ ሲሆን መንገዱ ወይ ጭር ብሏል፣ ወይ ቀጥ ብሎ ተዘግቷል። በቁጥሩ ብቻ አትለዪውም።

ግሪንሺልድስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1935 ቀላል ሞዴል አቀረበ፤ ጥግግት ሲጨምር ፍጥነት ቀጥ ባለ መስመር ይወርዳል የሚል። በሱ ሞዴል ነጻ ፍጥነቱ፣ ማለትም መንገዱ ጭር ሲል የሚነዳበት፣ 80፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰልፍ በኪሎ ሜትር 120 መኪና ከሆነ፣ ከፍተኛው ፍሰት የሚገኘው ልክ እኩሌታው ላይ ነው፦ 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በኪሎ ሜትር 60 መኪና፣ ፍሰቱ በሰዓት 2,400። እውነተኛ መንገድ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይታዘዝም። ግን ሐሳቡን ለመያዝ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ጥያቄ (ቻቻ)፦ አደጋ የለም፣ ኬላ የለም፣ ግን ሰልፍ ይቆምና ራሱ ይለቃል። ለምን?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጃፓን ሙከራ አለ። 22 መኪና 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ ላይ ዝም ብሎ እንዲዞር ተደረገ። ምንም እንቅፋት አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ የቆመ ሰልፍ ተፈጠረ፤ መኪኖቹ ወደፊት ሲሄዱ ሰልፉ ወደኋላ ተጓዘ። አንዱ ትንሽ ፍሬን ሲነካ የኋላው ትንሽ አብዝቶ ይነካል፣ የሱም የኋላ እንዲሁ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ይቆማል። ይህ የሚሆነው መኪና ሲጠጋጋ ነው። ከፊትዎ ካለው ራቅ ብለው በእርጋታ ከነዱ ይህ የፍሬን ማዕበል እርስዎ ጋ ይሞታል።

ጥያቄ (ባጃጅ ሾፌር፣ ደብረ ብርሃን)፦ ሲቆጠር ባጃጅም ሲኖትራክም እኩል አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሁሉም ወደ ቤት መኪና ተለውጦ ነው የሚቆጠረው። የተጫነ ሲኖትራክ ሜዳ ላይ እንደ ሁለት መኪና ሊቆጠር ይችላል፤ ረጅምና ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ግን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጋሪም እንደዚያው፤ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ያዘገያል።

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ሠራተኛ ሲወጣ ለሩብ ሰዓት መንገዱ ይታፈናል፣ ከዚያ ምንም የለም። ይሄ እንደ ችግር ይቆጠራል?

መልስ፦ በደንብ ይቆጠራል። በሰዓት 600 መኪና አለፈ እንበል፤ ከዚያ ውስጥ 240ው በአንድ 15 ደቂቃ ከሆነ፣ መንገዱ ለዚያ ሩብ ሰዓት የተሸከመው በሰዓት 960 ያህል ነው። መሐንዲስ 600ን ለ960 ያካፍላል፤ 0.625 ይመጣል። ወደ 1 በቀረበ ቁጥር ፍሰቱ የተስተካከለ ነው። መግቢያና መውጫ ሰዓትን በ20 ደቂቃ ማዛነፍ ያለ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ብዙ ያቀላል።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ዋዜማ የሚበቃ መንገድ ለምን አይሠራም?

መልስ፦ ዓመቱን ሙሉ ባዶ የሚውል መንገድ ስለሚሆን። በተለምዶ ከዓመቱ ሰዓታት ሁሉ በመኪና ብዛት 30ኛ የሚወጣው ሰዓት ተመርጦ ለሱ ይነደፋል።

ጥያቄ (ያችው ተማሪ)፦ ራሴ ልቆጥር ብፈልግስ?

መልስ፦ ጎበዝ። ከመንገዱ ጠርዝ ራቅ ብለሽ፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሰሽ፣ ጉም በሌለበት ቀን ቁሚ። በየ15 ደቂቃው በዓይነት ለይተሽ ጻፊ፦ የቤት መኪና፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ አውቶብስ፣ ተሳቢ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ። ለፍጥነት 100 ሜትር ለኪና በስልክሽ ሰዓት ያዢ፤ በ6 ሰከንድ ካለፈው 60 ላይ ነው።

አማካይ ስታወጪ ግን ተጠንቀቂ። አንዱ በ20፣ ሌላው በ60 ቢሄድ አማካዩ 40 ይመስላል። አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የመጀመሪያው 3 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 1 ደቂቃ ይፈጃል፤ 2 ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ፣ ማለትም በሰዓት 30። ጥግግት ስታሰይ ፍሰቱን የምታካፍዪው ለ30ው ነው። 40ውን ከተጠቀምሽ መንገዱ ከእውነቱ በላይ ባዶ መስሎ ይወጣልሻል።