ቀዳዳው የእውነት ነው? የሆት ሃች ጥያቄና መልስ

ስለ ትንንሽ ፈጣን መኪኖች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጠየቃችሁ። አንዳንዶቻችሁ ተቆጣችሁም። የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። ቁጥሮቹ አምራቾቹ ያወጧቸው ናቸው፤ ፍርዱ ግን የኔው ነው፤ አልስማማም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሆት ሃች ከተራ ሃችባክ በምን ይለያል?

መልስ፦ ላዩ ያው የቤተሰብ መኪና ነው፤ የኋላ በሩ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ይከፈታል፣ አስቤዛ ይጫንበታል፣ ልጅ ይመላለስበታል። ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ሞላውና መሪው ግን ሌላ ነው። ነገሩን ዓለም እንዲለምደው ያደረገው በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ የቀረበው የቮልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነው። 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ክብደቱ ደግሞ ከ850 ኪሎ በታች። የዛሬው ጂቲአይ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ክብደቱም ከ1,400 ኪሎ አልፏል። ክብደቱን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ የድሮው የሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ሮቦት መጫወቻ ይመስል ነበር። አዲሱ ደግሞ ቀዘቀዘብኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ አዲሱ፤ ያውም በሰፊው። የቆመ ሆት ሃች ሳይ አንድ ልማድ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ፓራውልቱ ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ ውስጥ ጣቴን እከታለሁ። ጣቴ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ቀዳዳው ሥራ አለው። ፕላስቲክ ከመታኝ ጌጥ ነው። በ2017 የወጣው ታይፕ አር ላይ ኮፈኑ ላይ ያለው የአየር መግቢያ የእውነት ነበር። ፓራውልቱ ላይ የነበረው ያ ሁሉ ጥቁር መረብ ግን አብዛኛው ድፍን ነው። ጣት ያማል እንጂ አየር አያልፍም።

በ2022 የመጣው ተቃራኒው ነው። ኮፈኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ከራዲያተሩ የሚወጣውን ትኩስ አየር ያስወጣል። የድሮው መኪና የጎማውን ስፋት የሸፈነው በላዩ በተለጠፈ ጥቁር ፕላስቲክ ነበር። አዲሱ ላይ ብረቱ ራሱ ሰፍቷል፤ የኋላ በሮቹ እንኳ ከተራው ሲቪክ የተለዩ ናቸው። ቸርኬው ከ20 ኢንች ወደ 19 ወርዶ ጎማው ከ245 ወደ 265 ሰፋ። ለዓይን የሚደረገውን ቀንሰው ለመንገድ የሚደረገውን ጨመሩ ማለት ነው። በ2023 ኑርበርግሪንግ የሚባለውን የጀርመን የውድድር መንገድ በ7 ደቂቃ ከ44.881 ሴኮንድ ዞሮ፣ በፊት ጎማ ከሚነዱት መካከል ሪከርዱን ከሬኖ ሜጋን አርኤስ ትሮፊ አር በግማሽ ሴኮንድ ነጥቋል። ቀዘቀዘ ያልከው መኪና ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ የቶዮታ ጂአር ያሪስ ላይ ምን አይታችሁ ነው እንዲህ የምታብዱት? ያበጠ ያሪስ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ስሙ ነው የሚያታልልሽ። ተራው ያሪስ አምስት በር ነው፤ ይሄኛው ሦስት። ጣሪያው ወደ ኋላ ዝቅ ይላል፤ በ2020 ሲወጣም ጣሪያው ከካርቦን ፋይበር ነበር። በሮቹና ኮፈኑ አሉሚኒየም ናቸው። ወለሉ ከፊት የያሪስ ነው፣ ከኋላ ግን ከፍ ካለ የቶዮታ መደብ የተወሰደ፤ ሁለቱን ገጣጥመው ነው የሠሩት። ይህ ሁሉ ድካም ለዓለም ራሊ ሻምፒዮና ታስቦ ነበር። ከፊት የተከተተው 1.6 ሊትር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ቱርቦ ነው። ከዚያች ትንሽ ሞተር ለአውሮፓ ገበያ 261 የፈረስ ጉልበት አወጡ፤ በ2024 ደግሞ 280 አደረሱት። አራቱም ጎማ ይነዳል።

ስለዚህ የኋላ ጎማው ላይ ያለው እብጠት ጌጥ አይደለም። ከኋላ ቆመሽ እይው፦ ጣሪያው ጠበብ ብሎ ታችው ሰፍቶ፣ ሊዘል ያደባ ድመት ይመስላል። ለኔ ከቅርብ ዓመታት ሆት ሃቾች ሁሉ ቁመናው እንደሱ የሚያምር የለም። የውስጡ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ላይ ወንበሩ ከፍ ይላል፣ የኋላ ማሳያው መስታወት ደግሞ የመንገዱን ማዕዘን ይጋርዳል። የኋላ ወንበሩ ለሰው ሳይሆን ለቦርሳ ነው።

ጥያቄ፦ መርሴዲስ ኤ45 ኤስ 421 የፈረስ ጉልበት አለው። ሁሉንም ይበልጣል። ምን ያከራክራል?

መልስ፦ በቁጥር ከሆነ አያከራክርም። ሁለት ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ከዜሮ እስከ 100 በ3.9 ሴኮንድ። ሞተሩን አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገጥሞት ስሙን ይለጥፍበታል። አጠገቡ ኦዲ አርኤስ3 አለ፦ 400 የፈረስ ጉልበት፣ አምስት ሲሊንደር፣ በ1-2-4-5-3 ቅደም ተከተል የሚፈነዳ። እንዲህ ያለ ድምፅ ጥቂት መኪኖች ላይ ብቻ ነው ያለው። ከሁለቱ ምረጥ ብትሉኝ ለድምፁ ስል አርኤስ3ን እወስዳለሁ።

ግን አስቡት። 100 ላይ በአራት ሴኮንድ ደረስክ። ከዚያስ? ሦስተኛ ማርሽን በቅጡ ሳትጨርስ ትራፊክ ፖሊስ የሚፈልግህ ሰው ሆነሃል። 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎርድ ፊየስታ ኤስቲ ወይም ከ1,200 ኪሎ የማይበልጠው ሃዩንዳይ አይ20 ኤን ላይ ግን ነዳጁን እስከ ታች ትረግጣለህ፣ ማርሽ ትቀይራለህ፣ ኩርባው ላይ ትሠራለህ፤ ቆጣሪው ገና 80 ነው። ያሳዝናል፣ ፊየስታ በ2023 ምርቱ ቆሟል፤ አይ20 ኤንም ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል።

ጥያቄ፦ ይሄ የቅናት መልስ ነው።

መልስ፦ ትንሽ አለበት።

ጥያቄ፦ የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና አለኝ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስሰጠው መሪው ከእጄ ይሸሻል። ባህሪው ነው ወይስ ችግር?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ባህሪውን ላስረዳህ። የፊት ጎማው መኪናውን ይጎትታል፣ ያዞራልም። ሞተሩ በአግድም ስለሚቀመጥ ካምቢዮው ወደ አንድ ወገን ያመዝናል። ስለዚህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ብዙ ጊዜ ርዝመታቸው እኩል አይደለም። ቱርቦው ጉልበቱን በአንዴ ሲለቀው ጎማዎቹ እኩል አይጎትቱም፤ መሪው ወደ አንዱ ይሳባል። ሆንዳና ሬኖ ይህን ለማስታገስ ጎማው የሚዞርበትን ምሰሶ ከአሞርዛተሩ ለይተው ወደ ጎማው መሃል አስጠጉት። ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻልም ተጨመረ። እሱ ኩርባ ላይ የውስጠኛው ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር ይዞ ጉልበቱን ለውጪኛው ይሰጣል። መሪውን ግን እሱም አንዳንዴ ይጎትተዋል፤ በነጻ የሚገኝ ነገር የለም።

ባህሪው ነው ብለህ ከመተውህ በፊት ጎማህን እይ። አንድ ጊዜ ያገለገለ ሆት ሃች ገዛሁ፤ ወደ ቀኝ ይስባል። ሻጩ "ጉልበት ያለው መኪና እንዲህ ነው" አለኝ። እኔም ሞኝ፣ ደስ አለኝ! ከሁለት ሳምንት በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሬ የፊት ጎማውን ከውስጥ በኩል በእጄ ዳሰስኩት። ውጪው አዲስ ይመስላል፤ የውስጡ ጠርዝ ተልጦ ሽቦው ጣቴን ቧጨረኝ። ግራና ቀኙም የተለያየ ፋብሪካ ጎማ ነበር። ሁለቱን ቀይሬ አላይመንት ሳሠራ "ጉልበቱ" ጠፋ።

ጥያቄ፦ ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ?

መልስ፦ ለፍጥነት አውቶማቲክ፤ ከባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ቀድሞ ማርሽ የሚቀይር እጅ የለም። ለደስታ ማንዋል። ታይፕ አር በማንዋል ብቻ ነው የሚመጣው። የማርሽ እጀታው ብረት ነው፤ ጠዋት ይበርዳል፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ መዳፍ ያቃጥላል፣ ማርሹ ግን ጠቅ ብሎ ሲገባ ሁሉን ይቅር ትላለህ። በየቀኑ መንገድ ተዘግቶ እየተንፏቀቅክ የምትውል ከሆነ አውቶማቲክ ግዛ፤ ማንም አይታዘብህም።

ጥያቄ፦ ጎልፍ ጂቲአይ መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች ለምን ያን ያህል ተሰደቡ?

መልስ፦ ስለሚገባቸው። ስምንተኛው ጎልፍ ላይ ቁልፉ የሚጫን ሳይሆን የሚነካ ሆነ። ኩርባ ላይ መሪ ስታዞር መዳፍህ ይነካውና ያላዘዝከው ነገር ይበራል። የሙቀት መቆጣጠሪያው ደግሞ ማታ አይበራም ነበር፤ በጨለማ መዳበስ ነው። በ2024ቱ እድሳት የሚጫነው ቁልፍ ተመለሰ። በምትኩ ጂቲአይ ማንዋል ማርሹን አጣ። አንዱን ሲሰጡ አንዱን መንጠቅ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል፤ ወገቤም ልክ አይደለም። እነዚህ መኪኖች ለኔ ይሆናሉ?

መልስ፦ ይሆናሉ እንጂ! ቸርኬው ላይ ብቻ ይጠንቀቁ። ባለ 19 ኢንች ቸርኬ የሚለብሰው ጎማ ከጎኑ አራት ጣት ያህል ቢሆን ነው፤ የመንገዱን ጉድጓድ የሚቀበለው ወገብዎ ይሆናል። 18 የሚቀበል ከሆነ 18 ያስገጥሙ። አሞርዛተሩ በቁልፍ የሚለሰልስበትን ይምረጡ። ሲሞክሩም ለስላሳ አስፋልት ላይ ሳይሆን በየቀኑ የሚሄዱበት ዓይነት መንገድ ላይ ይንዱት። ወንበሩንም ሦስት አራት ጊዜ ገብተው ወጥተው ይፈትሹት፤ የጎን ድጋፉ ሲወጡ ጭን ይይዛል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪኩ ሆት ሃችን ገደለው?

መልስ፦ አልገደለውም፤ አወፈረው። ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን እስከ 650 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ግን 2.2 ቶን ገደማ ነው። የሌለ ማርሽ እየቀየረ ያስመስላል፣ ድምፅም በስፒከር ያሰማል። ልስቅበት ብዬ ነበር የቀረብኩት፤ ከነዳሁት በኋላ ዝም አልኩ፤ ማስመሰሉ በደንብ ተሠርቷል። መጠኑ ግን ሃችባክ ለማለት ያሳፍራል። ወደ ድሮው መንፈስ የሚቀርበው አልፒን ኤ290 ነው። 220 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 1.5 ቶን አይሞላም፤ ከዜሮ እስከ 100 በ6.4 ሴኮንድ። ቁጥሩ አያስደንግጥም። መጠኑ ግን ልክ ነው፣ ፊቱም ያምራል፤ መብራቶቹ ላይ ያለችው የኤክስ ምልክት ብቻ ትንሽ በዛች።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ "ክንፍ ያለው መኪና ውስጥ አልገባም" ብላለች። እኔ ደግሞ ፈጣን መኪና እፈልጋለሁ። መላ በለኝ።

መልስ፦ ጎልፍ አር። 333 የፈረስ ጉልበት፣ አራቱም ጎማ ይነዳል፣ 100 ላይ በ4.6 ሴኮንድ ይደርሳል። ከፊት ስታየው የባንክ ሠራተኛ መኪና ነው። ከኋላ እንዳትቆም ብቻ አድርግ፤ አራት ማርሚታ አለው።