ሁለት ወንዞች ሲገናኙ «ገባር» የሚባለው የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በካናዳ፣ በካልጋሪ ከተማ ነው። እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን ስለ ሳስካችዋን ወንዝ አጭር ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ሳለሁ፣ አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ ካርታ ሰሜን ሳስካችዋንንና ደቡብ ሳስካችዋንን የወንዙ «ቅርንጫፎች» እንደሚላቸው ተመለከትሁ። እኔስ «ቅርንጫፍ» ልበላቸው ወይስ «ገባር»?

መልስ፦ «ቅርንጫፍ» ለዚህ ስፍራ አይስማማም። በአማርኛ ቅርንጫፍ ከግንድ የሚወጣ እንጂ ወደ ግንድ የሚገባ ስላልሆነ፣ «የሳስካችዋን ቅርንጫፎች» ሲባል አንባቢው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው አንድ ወንዝ ተከፋፍሎ ሲሄድ ነው፤ በመሬቱ ላይ የሚሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

«ገባር» የወጣው «ገበረ» ከሚለው ግሥ ነው። ቀድሞ ግብር ከፋዩ ገበሬ ይጠራበት የነበረው ይህ ቃል ለወንዝ ሲነገር፣ ውኃውን ለሌላ ወንዝ አስረክቦ ስሙ እዚያው የሚቀርበትን ያመለክታል፤ ጀማና ሙገር የዓባይ ገባሮች መባላቸው በዚህ ምክንያት ነው። በዚሁ መለኪያ፣ በከተማዎ መካከል ወደ ቦው ወንዝ የሚገባው ኤልቦው ያለ ጥርጥር የቦው ገባር ነው። ሬድ ዲርም ቢሆን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ የአልበርታን ወሰን ጥቂት አለፍ እንዳለ ወደ ደቡብ ሳስካችዋን ስለሚገባና ከዚያ ወዲያ ስሙ ስለማይነሣ፣ ገባር ነው፤ ርዝመት ብቻውን ወንዝን ከገባርነት አያወጣውም።

አስቸጋሪው ሁለቱም ወንዞች ስማቸውን የሚለቁበት ስፍራ ነው። ቦውና ኦልድማን ከሜዲስን ሃት ከተማ በስተ ምዕራብ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አይውጠውም፤ ከመገናኛቸው ጀምሮ ወንዙ ደቡብ ሳስካችዋን ይባላል። እንደዚሁም በሳስካቱን በኩል የሚመጣው ይህ ወንዝና በሮኪ ተራሮች ላይ ካለው፣ ኮሎምቢያ ከሚባለው የበረዶ ግግር ተነሥቶ በኤድመንተን የሚያልፈው ሰሜን ሳስካችዋን፣ ከፕሪንስ አልበርት በስተ ምሥራቅ ከተገናኙ በኋላ የሚጠሩት ሳስካችዋን ተብለው ብቻ ነው። በእንዲህ ያለው ስፍራ «ይገባል» ከማለት «ይገናኛሉ» ማለትን እመርጣለሁ፤ ዓባይና ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ «ተገናኙ» እንደምንለው ማለት ነው። የጠቅላላው ተፋሰስ ወንዞች በሚዘረዘሩበት ጊዜ ሁለቱን «ገባር» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው ባልልም፣ ስለ መገናኛው ሲተረክ ግን ቃሉ አንዱን የበላይ፣ ሌላውን የበታች ያስመስላል።

«ቅርንጫፍ» በተገቢው ቦታ የሚውለው ወደ ታች፣ በከምበርላንድ ሃውስ አካባቢ ነው፤ በዚያ ወንዙ ሰፊ የደለል ምድር ላይ በብዙ መውረጃዎች ይከፋፈላል፣ ኋላም በሴዳር ሐይቅ አልፎ ዊኒፔግ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ ወደ ሀድሰን ባሕረ ሰላጤ የሚሄደው ኔልሰን ግን «ይወጣል» እንጂ የሐይቁ ገባር አይባልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንዙ በሣር ምድር ላይ ረጅም መንገድ ቢጓዝም፣ አብዛኛው ውኃው የሚመጣው ከሮኪ ተራሮች በረዶ ነው። ጥንታዊው የበረዶ ግግር በሜዳው ላይ ትቷቸው የሄደ ጎድጓዶች ዝናቡንና የቀለጠውን በረዶ ስለሚይዙ፣ ከዚያ ውኃ ብዙው ወንዙ ዘንድ ሳይደርስ ይተንናል ወይም ይሰርጋል። እነዚህን በተፋሰሱ ካርታ ውስጥ ቢያገኟቸውም «ኩሬ» ይበሏቸው እንጂ ከገባሮቹ ጋር አይቁጠሯቸው።