ስለ ኩባውያን በአሜሪካ ለጠየቃችሁኝ፦ ወረቀታቸው፣ ፖለቲካቸው፣ ኑሯቸው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ልጅነቴን ኩባ፣ ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ ላይ ከሌሎች የኢትዮጵያ ልጆች ጋር ተምሬ ነው ያደግኩት። አሁን ማያሚ እኖራለሁ፣ በኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ የስፓኒሽ አስተርጓሚ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ለራሳችሁ ኬዝ ጠበቃ አማክሩ። ጥያቄ ላኩ ብዬ ብዙ ደርሶኛል፣ እነሆ መልሱ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ጋሼ፣ ጥገኝነት ጠይቄ ስምንት ዓመት እየጠበቅኩ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ኩባዊ በሁለት ዓመት ግሪን ካርዱን ያዘ። ምንድን ነው ሚስጥሩ?

ሚስጥር የለውም ወንድሜ፣ ሕግ ነው። በ1966 ኖቬምበር ላይ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት የኩባውያን ማስተካከያ ሕግ ይባላል። ካስትሮ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኩባውያን ፍሎሪዳ ገብተው ነበር፣ አብዛኞቹም በፓሮል፣ ማለትም በጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ። ግሪን ካርድ ለማግኘት ከአሜሪካ ወጥተው፣ ሌላ አገር ካለ ቆንስላ ቪዛ ይዘው መመለስ ነበረባቸው። ኮንግረሱ ይህን ጣጣ ለመገላገል ሕጉን አወጣው።

የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በዜግነት ወይም በትውልድ ኩባዊ መሆን፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1959 በኋላ በቪዛ ወይም በፓሮል መግባት፣ አገር ውስጥ አንድ ዓመት መቆየት (መጀመሪያ ሁለት ዓመት ነበር)፣ ከባድ ወንጀል አለመኖር። በቃ። ዘመድ ስፖንሰር አያስፈልግም። አንተ ብትመለስ ምን እንደሚደርስብህ በማስረጃ ማሳመን አለብህ፤ እሱን ማንም «ምን ፈርተህ መጣህ?» አይለውም። ሲፈቀድለትም ግሪን ካርዱ ላይ የሚጻፈው ቀን እስከ 30 ወር ድረስ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል፣ ስለዚህ ዜግነት የሚጠይቅበት ጊዜም ይፈጥናል።

ሌላ አገር ይህን የመሰለ የራሱ ቋሚ ሕግ የለውም። የቀዝቃዛው ጦርነት ልጅ ነው። ያኔ ከሃቫና የሚወጣ እያንዳንዱ ሰው ለዋሽንግተን የኮሚኒዝም ውድቀት ምስክር ነበር። ከሌላው ስደተኛ አንጻር ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ግን ኩባዊው ባልደረባህ ላይ ቅር አትበል፣ ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም።

ጥያቄ (ከሎስ አንጀለስ)፦ ታዲያ ኩባዊ ሆኖ አሜሪካን የረገጠ ሁሉ አለቀለት ማለት ነው?

ኧረ አይደለም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በ1994 ክረምት ከ30 ሺህ በላይ ኩባውያን በጎማ ከመነዳሪና በእንጨት በሠሩት ታንኳ ባሕር ገቡ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ እየለቀመ ጓንታናሞ ወሰዳቸው። ከዚያ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ፤ አሜሪካ በዓመት ቢያንስ 20 ሺህ ሰው በሕጋዊ መንገድ ልትቀበል፣ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ባሕር ላይ የተያዘውን ልትመልስ። የብስ የረገጠው ግን ይቀራል። «እርጥብ እግር፣ ደረቅ እግር» የሚባለው ይህ ነው። ኦባማ ሥልጣን ሊለቁ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ በጃንዋሪ 2017 ሰረዙት። የ1966ቱ ሕግ ግን አብሮ አልተሰረዘም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። በ2021 ኒካራጓ ለኩባውያን ቪዛ አነሳች። ሰው ቤቱን፣ ሞተሩን፣ ፍሪጁን ሸጦ ወደ ማናጓ በረረ፣ ከዚያ በእግርና በመኪና እስከ ሜክሲኮ ድንበር። በ2022 የበጀት ዓመት ብቻ የአሜሪካ የድንበር ባለሥልጣናት ከ220 ሺህ ጊዜ በላይ ኩባውያንን መዝግበዋል። ድንበር ላይ የሚሰጣቸው ወረቀት ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ለአንዱ ፓሮል ይሰጡታል። ለሌላው አይ-220 ኤ የሚባል፣ «በራስህ ዋስትና ተለቀህ ፍርድ ቤት ቅረብ» የሚል ወረቀት። ወጥ መስፈርት የላቸውም፤ ቦታው ስለሞላ፣ ሠራተኛው ስለቸኮለ፣ በእጁ የነበረው ቅጽ ያ ስለሆነ። በአንድ ቀን አንድ ወንዝ ተሻግረው ባልየው ፓሮል፣ ሚስትየው አይ-220 ኤ የያዙ ባለትዳሮች በየቢሮው ሞልተዋል።

በሴፕቴምበር 2023 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ አይ-220 ኤ ፓሮል አይደለም ብሎ ወሰነ። ፓሮል ካልሆነ የ1966ቱ ሕግ አይሠራም። ስለዚህ ባልየው ግሪን ካርድ ይይዛል፣ ሚስትየው እንደ አንተና እንደ እኔ ጥገኝነት ጠይቃ ዳኛ ፊት ትቆማለች። ጠረጴዛችን ላይ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው «እኛ እኮ አብረን ነው የመጣነው» ሲሉ ይህን ለማስተርጎም አንጀት ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ከላይ የተጻፈው የሕግ አንቀጽ የሰው ዕድል ይወስናል። ለዚህ ነው ኩባዊም ሆነ ሐበሻ፣ ድንበር ላይ የሰጧችሁን ወረቀት በሙሉ አንድም ሳትጥሉ አስቀምጡ የምለው።

ጥያቄ (ከቴምፓ)፦ ወንድሜ፣ እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ ባለቤቴ ኩባዊ ነው። እኔንም ይመለከተኛል?

አዎ እህቴ፣ ሊመለከትሽ ይችላል። ሕጉ የኩባዊውን ባል ወይም ሚስት እና ያላገቡ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ዜግነታቸው ምንም ይሁን ምን ያካትታል። ግን አብራችሁ መኖር አለባችሁ፣ ትዳሩም እውነተኛ መሆኑን በኪራይ ውል፣ በባንክ፣ በታክስ ታሳያላችሁ። አንቺም ራስሽ በቪዛ ወይም በፓሮል የገባሽና ዓመት የሞላሽ መሆን አለብሽ። እኛ ኩባ ያደግነው ኢትዮጵያውያን ግን ስንት ዓመት ብንኖርም ዜጋ ካልሆንን ወይም እዚያ ካልተወለድን ሕጉ አያውቀንም። ይህን የሚጠይቁኝ የድሮ ጓደኞቼ ብዙ ናቸው፣ መልሱ ያው ነው።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ በ2023 በአውሮፕላን ስፖንሰር ተገኝቶላቸው የገቡትስ? ትራምፕ ሰረዘው አይደል?

ልክ ነህ። ፕሮግራሙ ለኩባ፣ ለሄይቲ፣ ለኒካራጓና ለቬኔዙዌላ ሰዎች ነበር፣ የሁለት ዓመት ፓሮል። በጠቅላላው ወደ 530 ሺህ ሰው ገባ፣ ከዚያ ውስጥ ኩባውያኑ ወደ 110 ሺህ ናቸው። በማርች 2025 ተሰረዘ፣ በሜይ መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስረዛው ይቀጥል አለ። ኩባውያኑ ዓመት ሲሞላቸው በ1966ቱ ሕግ ማመልከት ይችሉ ነበር፣ ብዙዎቹም አመለከቱ። አብሯቸው በአንድ አውሮፕላን የመጣው ኒካራጓዊ ይህ መንገድ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ግን ለኩባውያኑም ጠበበ። በጁን 2025 ኩባ የጉዞ እገዳ ከተጣለባቸው አገሮች ውስጥ ገባች። በዲሴምበር ደግሞ የእነዚህ አገሮች ሰዎች ያስገቡት ማመልከቻ እንዲቆም ታዘዘ። ሕጉ ራሱ አልተነካም። በ1996 የወጣ ድንጋጌ ኩባ ውስጥ በምርጫ የመጣ ዴሞክራሲያዊ መንግሥት መኖሩን ፕሬዚዳንቱ ሳያረጋግጡ ሕጉ አይሻርም ይላል። ሕግ ሳይሻር ፋይል እንዲተኛ ማድረግ ግን ይቻላል፣ እያየነው ነው።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ራሳቸው ስደተኛ ሆነው ለምን ነው ሪፐብሊካን የሚመርጡት? አይገባኝም።

ከደርግ የሸሹ አባቶቻችን «አብዮት» ሲባል ፊታቸው እንዴት እንደሚጠቁር አይተሃል? ከዚያ ጀምር።

መጀመሪያ የወጡት ሱቃቸው፣ እርሻቸው፣ ቤታቸው የተወረሰባቸው ናቸው። በኤፕሪል 1961 ወደ 1,400 የሚሆኑ ስደተኞች በሲአይኤ ሠልጥነው ካስትሮን ሊጥሉ ቤይ ኦፍ ፒግስ የሚባል የኩባ ዳርቻ ላይ አረፉ። ኬኔዲ የአየር ድጋፉን ቀነሱባቸው፣ ከ1,100 በላይ ተማረኩ። ማያሚ ውስጥ ይህ ዛሬም ክህደት ነው የሚባለው፣ ክህደቱም የዴሞክራቶች። ከዚያ ሪፐብሊካኑ ሬጋን መጡ፣ ኮሚኒዝምን በስሙ ጠርተው አወገዙላቸው። በ1981 ሆርሄ ማስ ካኖሳ የሚመሩት የኩባ አሜሪካውያን ብሔራዊ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ ዋሽንግተን ውስጥ እንዴት ተጽዕኖ እንደሚደረግ ያሳየ ድርጅት ነው። ከዚያ በ1999 የኤሊያን ጉዳይ መጣ። እናቱ ባሕር ላይ ሞታበት በጎማ ተንሳፍፎ የተገኘ የአምስት ዓመት ልጅ ነው። በኤፕሪል 2000፣ በክሊንተን ጊዜ፣ የታጠቁ የፌዴራል ፖሊሶች ሌሊት ከማያሚ ዘመዶቹ ቤት ወስደው ከኩባ ሊወስደው ለመጣው አባቱ አስረከቡት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የክሊንተን ምክትል የነበሩት ዴሞክራቱ ጎር ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ ተሸነፉ።

ግን ሁሉንም በአንድ ዓይን አትይ። በ2012 ኦባማ የፍሎሪዳ ኩባውያንን ድምፅ ግማሽ ለግማሽ ሊጠጉ ደርሰው ነበር። ዛሬ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ማርኮ ሩቢዮ የኩባውያን ልጅ ናቸው፣ ወላጆቻቸው ግን የመጡት በ1956፣ ከካስትሮ በፊት ነው። በባይደን ጊዜ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር የነበሩት ማዮርካስም ሃቫና ነው የተወለዱት።

እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። በ1960ዎቹ በልዩ በረራ መጥቶ መንግሥት ቤትና ሥራ ያመቻቸለት ሰው፣ በ2022 በእግሩ የመጣውን የገዛ አገሩን ልጅ «ይሄኛው የመጣው ለገንዘብ ነው» ሲል። አሁን በቀጠሮ ቀን ከኢሚግሬሽን ቢሮ የሚታሰሩት ኩባውያን ሲበዙ፣ ስልክ እየደወሉ የሚያለቅሱት እነዚሁ ቀድመው የመጡት አጎቶችና አክስቶች ናቸው።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ማያሚን እንዴት የራሳቸው አደረጉት? እኛ ለምን አልቻልንም?

ጉልበት ብቻ አይደለም፣ መንግሥት ደግፏቸዋል። ከ1961 ጀምሮ ለኩባ ስደተኞች ብቻ የተቋቋመ የፌዴራል ፕሮግራም ነበር፤ የምግብ እርዳታ፣ ሕክምና፣ የተማሪ ብድር፣ የሐኪሞች ፈቃድ ማስመለሻ ትምህርት። መሃል ማያሚ ያለው ፍሪደም ታወር የዚያ መቀበያ ነበር። ከ1965 እስከ 1973 በየቀኑ በሚባል ደረጃ ከቫራዴሮ አውሮፕላን ይመጣ ነበር፣ ወደ 300 ሺህ ሰው አመጣ። በተለይ መጀመሪያ የመጡት ብዙዎቹ የተማሩና ነጭ ነበሩ፣ ይህንን መሸፋፈን አያስፈልግም። በ1980 በማሪዬል ወደብ 125 ሺህ ሰው ሲመጣ ጥቁርና ድሃ ኩባዊ በዛ፣ አቀባበሉም ቀዘቀዘ። በዚያው ዓመት ማያሚ ያለችበት የዴድ ካውንቲ ሕዝብ የካውንቲው መንግሥት ከእንግሊዝኛ ሌላ በሆነ ቋንቋ እንዳይሠራ ድምፅ ሰጠ፤ የተነሳው በ1993 ነው። በዚያው ባሕር በታንኳ የመጡት ሄይቲዎች ደግሞ ለእስር ይዳረጉ ነበር።

በአንድ ሰፈር መሰባሰባቸውም ረድቷቸዋል። ማያሚ አጠገብ ያለችው ሃያሊያ ከተማ ብትሄድ ያለ እንግሊዝኛ ተወልደህ፣ ታመህ፣ ነግደህ መኖር ትችላለህ። ጠዋት ከቡና ቤቱ መስኮት ውጭ ቆመው ከአንድ ትልቅ ኩባያ ጥቁር ቡና ወደ ትናንሽ ፕላስቲክ ስኒዎች እየቀዱ ለማያውቁት ሰው ሳይቀር ያድላሉ። ሥራ፣ ኪራይ ቤት፣ ጠበቃ፣ ያገለገለ መኪና የሚገኘው እዚያ መስኮት ሥር ነው። እኛስ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ጀምረነው የለ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በሶማሊያ ጦርነት ከእኛ ጋር የተዋጉ ኩባውያን አሜሪካ አሉ? ችግር አይሆንባቸውም?

አሉ። አንድ ሽማግሌ ቢሮ መጥተው ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቁ «ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጅጅጋ» ብለው ቆጠሩልኝ፣ ከዚያ እጄን ይዘው ዝም አሉ። ብሔራዊ ውትድርና ግዴታ ስለነበረ መዝመት ብቻውን አያስከለክልም፣ ግን ቅጹ ላይ በግልጽ ይጠየቃል፣ መደበቅ ነው የሚያጠፋው። የኮሚኒስት ፓርቲ አባልነት የከበደ ነው። ተገድዶ የገባ፣ ወይም ፓርቲው ሥልጣን ላይ ባለበት አገር ከፓርቲው አባልነት ከወጣ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ግን ሊታለፍ ይችላል።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ግሪን ካርድ ይዘው ኩባ እየተመላለሱ ነው። እኛ አገራችን ብንሄድስ?

በ1966ቱ ሕግ ያገኘ ሰው «እፈራለሁ» ብሎ ስላላገኘ መሄዱ ኬዙን አይነካውም። ማያሚ ውስጥ ግን በዚህ ጉዳይ ቤተሰብ ይጣላል። አንቺ በጥገኝነት ያገኘሽ ከሆነ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። እፈራዋለሁ ወዳልሽው አገር መሄድ ግሪን ካርድ ከያዝሽ በኋላም ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ጠበቃ ጠይቂ።

ጥያቄ (ከቦስተን)፦ ኩባ ዜጎቿን አትቀበልም፣ ስለዚህ ዲፖርት አይደረጉም ይባላል።

ድሮ እንደዚያ ነበር። የመመለሻ ትእዛዝ እያለባቸው በየዓመቱ እየፈረሙ ለአሥርተ ዓመታት የኖሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በረራው ተመልሷል። በ2025 ደግሞ ኩባ ያልተቀበለቻቸውን ወደ ሜክሲኮ፣ ጥቂቶችንም እስከ ደቡብ ሱዳን ድረስ ልከዋል።

ጥያቄ (ከኦርላንዶ)፦ የልጄ እጮኛ አይ-220 ኤ ያላት ኩባዊት ናት። የሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አላት፣ እንዳይይዟት ትቅር?

አትቅር። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ከሆነና ካልቀረበች ዳኛው በሌለችበት የመባረር ትእዛዝ ይሰጣል፣ ያን ማስነሳት ከባድ ነው። ብቻዋን አትሂድ፣ ጠበቃ ይዛ ትሂድ። የጥገኝነት ማመልከቻዋ መግባቱን የሚያሳየውን ደረሰኝ ኮፒ አድርጋ ትያዝ። ዋናውን፣ የጠበቃውን ስልክና የኤሊየን ቁጥሯን (በ«A» የሚጀምረውን የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር) ልጅህ ቤት ያስቀምጥ፣ ብትያዝ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ቁጥር ነው።