ውጤቱ የዛሬ ነው፤ ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ስለዚያ ቀን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ምርመራ ከሚያደርጉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የደረሱን ናቸው። ሁሉም የአንጎል ጉዳትን ይመለከታሉ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ በከባድ ድብደባ የተከሰሰ የ34 ዓመት ሰው እንድመረምር ታዝዣለሁ። ከድርጊቱ ሁለት ዓመት በፊት ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቷል። የማስታወስና የትኩረት ፈተና ስሰጠው ዝቅተኛ ውጤት አመጣ። «በአንጎሉ ጉዳት ምክንያት በወንጀል ኃላፊ አይደለም» ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 51 የባለሙያውንና የዳኛውን ድርሻ ለይቶታል። ፍርድ ቤቱን የሚያስገድደው የተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ ባለሙያው ከግኝቱ ተነስቶ የሚሰጠው የሕግ ድምዳሜ አያስገድደውም። የእርስዎ ሥራ የሰውየው ሁኔታ ምን እንደሆነ፣ ያም የመረዳትና ራሱን የመግዛት ችሎታውን እንዴት እንደነካው ማስረዳት ነው። ኃላፊ ነው፣ አይደለም የሚለውን ለችሎቱ ይተዉት።

ሁለተኛው ችግር ይከብዳል። ፈተናው የለካው ሰውየው ዛሬ ጠዋት እፊትዎ ተቀምጦ የሠራውን ነው። አንቀጽ 48 እና 49 ግን የሚጠይቁት ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ ስለነበረው ሁኔታ ነው። ይህን ክፍተት ነጥብ አይሞላውም፤ የሚሞላው መዝገብ ነው።

ከአደጋው ቀን የሕክምና ካርድ ይጀምሩ። የተጎጂውን የንቃት ደረጃ የሚያሳየው የግላስጎው ኮማ መለኪያ ለዓይን እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ3 እስከ 15 ነው። ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ይባላል። ነጥቡ በስንት ሰዓት እንደተወሰደ ይመልከቱ። ሰክሮ የገባ ወይም የመተንፈሻ ቱቦ የገባለት ሰው ከጉዳቱ ልክ በታች ሊያስመዘግብ ይችላል። ቀጥሎ ራሱን ስቶ የቆየበትን ጊዜ ይፈልጉ። ከ30 ደቂቃ ካለፈ ጉዳቱን ቀላል ማለት አይቻልም።

ብዙ ባለሙያ የሚስተው ሦስተኛውን፣ ከአደጋው በኋላ ትውስታው ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ነው። «አደጋውን ታስታውሳለህ?» ብለው አይጠይቁ። «ከወደቅክ በኋላ መጀመሪያ የምታስታውሰው ምንድን ነው? ከዚያስ? ከዚያስ?» እያሉ ትውስታው ሳይቆራረጥ እስከሚቀጥልበት ሰዓት ድረስ ይሂዱ። አምቡላንስ ውስጥ የሰማት አንዲት ድምፅ ትውስታው ተመለሰ አታሰኝም። ቤተሰብ የነገረውንም ራሱ ከሚያስታውሰው ይለዩ። የተቋረጠው ከ24 ሰዓት ያነሰ ከሆነ ጉዳቱ ከቀላል ወገን ነው።

ቀላል ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ሰው በሦስት ወር ውስጥ ይድናል። እንግዲህ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ከባድ የማስታወስ ድክመት ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል፦ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥ፣ ጫት፣ ሕመም፣ የእስር ቤት ኑሮ፣ ወይም አለመጣር። ጉዳት መጀመሪያ ላይ ከብዶ እየቀለለ ይሄዳል። እየቆየ የሚብስ ከሆነ ታሪኩን እንደገና ይመርምሩ።

በመጨረሻ ድክመቱን ከድርጊቱ ጋር ያገናኙት። ሰውየው ተበዳዩን አድፍጦ ከጠበቀ፣ ዱላውን ከደበቀ፣ ልብሱን ከቀየረ፣ የማቀድ ችሎታው በዚያ ሰዓት ይሠራ እንደነበር የምስክሮች ቃል ከማንኛውም ፈተና በላይ ይነግርዎታል። ተቃራኒውም አለ። የአንጎል የፊተኛው ክፍል፣ በተለይ ከዓይን በላይ ያለው ሥፍራ የተጎዳበት ሰው በፈተና ጥሩ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፤ «ጀምር» የሚሉትም «በቃ» የሚሉትም እርስዎ ነዎት። የጎደለውን አካል እርስዎ ሞልተውለታል ማለት ነው። ስለዚህ ሚስቱን፣ አሠሪውን፣ ጎረቤቱን ለየብቻ ይጠይቁ፦ ከአደጋው በፊት ገንዘብ እንዴት ይይዝ ነበር? ሲሰድቡትስ ምን ያደርግ ነበር? አሁንስ?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የእንግሊዝኛ መለኪያዎችን ተርጉሜ በአሜሪካ ሰንጠረዥ (በአሜሪካውያን ውጤት በተሠራ መነጻጸሪያ) ነጥብ ብሰጥ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ችግሩም ከትርጉም ጥራት ያልፋል። ቁጥር መድገምን፣ ማለትም የተነበቡለትን ቁጥሮች በቃሉ የሚመልስበትን ፈተና ይውሰዱ። በእንግሊዝኛ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ካሉት ቁጥሮች ከሰባት በቀር ሁሉም አንድ ክፍለ ቃል ናቸው። በአማርኛ አንድ ክፍለ ቃል የሆኑት «አንድ» እና «ሦስት» ብቻ ናቸው። ለመጥራት ረዘም የሚሉ ቁጥሮች በአእምሮ የሚያዙት በቁጥር አንሰው ስለሆነ፣ ጤነኛ ሰው አንድ ቁጥር ቢያጎድል አይድነቅዎ።

የተባለውን ሰዓት የሚያሳይ የሰዓት ሥዕል የሚሣልበት ፈተናም እንዲሁ ነው። «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» ሲሉት አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ የሚያደርግ ሰው አለ፤ ልክ ነው፣ በእጁ ያለው ሰዓት እንዲያ ነዋ። ስለዚህ መጀመሪያ የራሱን ወይም የግድግዳ ሰዓት አሳይተው «ስንት ሰዓት ነው?» ይበሉት፤ በምን እንደሚያነብ ያውቃሉ። ቀን ሲጠይቁም በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደመለሰ ይመዝግቡ። በሁለቱ መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት አለ፤ «ዓመቱን ተሳስቷል» ተብሎ ተጽፎ ችሎት ቢደርስ የሚያፍሩት እርስዎ ነዎት።

«በ‹ፈ› የሚጀምሩ ቃላት ጥራ» ሲሉ ፉ፣ ፊ፣ ፍ ይቆጠሩ እንደሆነ አስቀድመው ይወስኑና ለሁሉም አንድ ዓይነት ያድርጉ። ትምህርቱንም በዓመት ብቻ አይጻፉ። አስኳላ ያልገባ ሰው የቄስ ትምህርት ወይም መድረሳ ተምሮ ከሆነ በቃል የመያዝ ልምዱ ከሌላው ይለያል። እርሳስ ይዞ ለማያውቅ ሰው ግን ሥዕል መገልበጥ የአንጎል ፈተና መሆኑ ይቀራል፤ የእርሳስ ፈተና ይሆናል።

አገርኛ መነጻጸሪያ ከሌለ በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ይጻፉት፤ ውጤቱንም በመቶኛ ደረጃ ሳይሆን ሠራ፣ አልሠራ፣ እንዴት ተሳሳተ ብለው ይግለጹት። አንድ ዝቅተኛ ነጥብ ይዘው ደግሞ አይሩጡ። ከመቶ ጤነኛ አምስቱ በሚወድቁበት መስመር 20 ፈተና ቢሰጡ፣ ፈተናዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ቢሆኑ፣ ጤነኛ ሰው ቢያንስ በአንዱ የመውደቅ ዕድሉ 64 በመቶ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ተመርማሪው ሆን ብሎ እየተሳሳተ መሆኑን በምን ላውቅ?

መልስ፦ ፊቱን በማየት አያውቁም። ለዚህ የተሠሩ የጥረት መለኪያዎች፣ ማለትም ሰውየው በእርግጥ እየሞከረ መሆኑን የሚፈትሹ ፈተናዎች አሉ። ስማቸውንና የመቁረጫ ነጥባቸውን እዚህ አናትምም፤ መጽሔቱን ተከሳሽም ያነበዋል። ስሌቱን ግን እነሆ። 50 ሥዕል አሳይተው፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሥዕል እያቀረቡ «ያየኸው የትኛው ነው?» ቢሉት፣ ምንም ያላስታወሰ ሰው ሳንቲም እንደ መጣል ነውና 25 አካባቢ ያገኛል። በአጋጣሚ ብቻ 18 ወይም ከዚያ በታች የማግኘት ዕድሉ ከመቶ ሦስት ገደማ ነው፤ 15 ወይም ከዚያ በታች ደግሞ ከሺህ ሦስት። እንዲህ ዝቅ ያለ ሰው ትክክለኛውን ሳያውቅ አይቀርም፤ አውቆ ነው የሸሸው።

ከዚያ በላይ ሆኖ የጥረት መስመሩን ያላለፈ ግን የግድ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ከባድ የመርሳት በሽታ ያለበት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት፣ ሕመም የያዘው ሰውም ሊወድቅ ይችላል። አንድ መለኪያ አይበቃም፤ ቢያንስ ሁለት በተለያየ ሰዓት ይስጡ። ሁለቱንም ካላለፈ የሚጻፈው «የሌሎቹ ፈተናዎች ዝቅተኛ ነጥብ ትክክለኛ ችሎታውን ያሳያል ብሎ መተማመን አይቻልም» የሚለው ነው። «አስመሳይ» የሚለው ቃል ስለ ዓላማው ስለሚናገር ተጨማሪ ማስረጃ ይፈልጋል። የሚያስመስል ሰውም በእርግጥ የተጎዳ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ሲቲ ስካኑ ነጻ ነው። ጉዳት የለም ልበል?

መልስ፦ አይበሉ። ሲቲ የሚፈሰውን ደምና የተሰበረውን አጥንት በደንብ ያሳያል፤ የነርቭ ክሮች መበጣጠስ ሊያመልጠው ይችላል። ኤምአርአይ ላይ የታየ ጠባሳም ቢሆን ሰውየው በዚያ ምሽት ራሱን መግዛት አልቻለም ብሎ አይመሰክርም።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ አማርኛ ተናጋሪ ተከሳሽ በአስተርጓሚ መርምሬ ለፍርድ ብቁ መሆኑን ልገልጽ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 በዳስኪ ጉዳይ ያስቀመጠው መስፈርት ስለ ዛሬ ችሎታ ነውና፣ የክሱን ሂደት መረዳቱንና ከጠበቃው ጋር በማስተዋል መመካከር መቻሉን ይመዝናሉ። ዘመድ አያስተርጉም። አስተርጓሚውን ከምርመራው በፊት ለብቻው ያግኙት፤ የተበታተነውን ንግግር ሳያቃና እንደተበታተነ እንዲያመጣው፣ የቃላት ዝርዝርም ከሆነ በመመሪያው ፍጥነት ሳይደግም እንዲያነብ ያስጠኑት። «እሺ» እና «ገብቶኛል» ለትልቅ ሰው የሚሰጡ የአክብሮት መልሶች ሊሆኑ ስለሚችሉ አይቁጠሯቸው። ከዓቃቤ ሕግ ጋር የሚደረግ የጥፋተኝነት ድርድር ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ አለማወቅ አለመቻል አይደለም። በቀላል አማርኛ ያስረዱት፣ 20 ደቂቃ ሌላ ሥራ ያሠሩት፣ ከዚያ ለወንድሙ እንደሚነግር አድርጎ በራሱ ቃል እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት። መልሱን በአማርኛ እንዳለው ይመዝግቡ፤ ትርጉሙን ከሥሩ ያስፍሩ።