መጀመሪያ ክራሩ ይቃኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ9 ዓመት ልጅሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ክራር ትማራለች፤ ክፍል ውስጥ ደስ ብሏት ትውላለች፤ ቤት ስትገባ ግን ክራሩ ከቦርሳው አይወጣም፣ «ተለማመጂ» ስትያት ለቅሶ ይሆናል። ከለገጣፎ ተነስቶ ልጅ ማመላለስና ክፍያው ተደምሮ ከብዶሻል፤ «ላቋርጣት ወይስ እንደምንም ልቀጥል?» ብለሻል። እኔ እዚሁ አቅራቢያሽ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ትልቁ ልጄ ኪቦርድ ይጫወታል፣ ሁለቱ ሴቶች በክራር ነው የጀመሩት፤ የብሎካችን ልጆችም እኛ ቤት እየተሰበሰቡ ይለማመዳሉ። እና የማውቀውን ልንገርሽ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሳትሞክሪ አታቋርጪያት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እዪልኝ። ክራሩ አሁን ተቃኝቷል? ብዙ ወላጅ የልጁን ስንፍና ሲፈልግ ይህን አያስበውም። ክራር ቅኝቱ ቶሎ ይወርዳል፣ በተለይ ክሩ አዲስ ከሆነ እየተለጠጠ ስለሚሄድ። ቅዳሜ መምህሩ ቃኝቶ ይሰጣታል፤ ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶ፣ ቦርሳው ከዚህ እዚያ ተወርውሮ፣ መቃኛው ተነካክቶ ሰኞ ስታወጣው ሌላ ድምፅ ይሰጣታል። ጆሮዋ ክፍል ውስጥ የሰማችውን ዜማ ያውቀዋል፣ እጇም የተማረችውን ያደርጋል፣ የሚወጣው ግን ያ አይደለም። የ9 ዓመት ልጅ ደግሞ «እማዬ፣ ቅኝቱ ወርዷል» አትልሽም። «አልችልም» ነው የምትልሽ፣ ከዚያ ታለቅሳለች። እኛ ቤት ከሚመጡት ልጆች መካከል «አይገባኝም፣ አልወደውም» ይሉ የነበሩ አሉ፤ ክራሩ ተቃኝቶ ሲሰጣቸው ግን ከእጃቸው መልሶ ለመቀበል የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ መቃኘትን አንቺ ራስሽ ተማሪ። ሙዚቃ አላውቅም ብለሽ አትፍሪ። አብዛኛው ክራር 6 ክር አለው፤ 5ቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፣ 6ኛው ከእነሱ አንዱን በኦክታቭ፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ አቅጥኖ ወይም አወፍሮ፣ ይደግማል። ቅዳሜ ለመምህሩ «እያንዳንዱን ክር በየተራ እየመቱ፣ የድምፁን ስም እየጠሩ በቴሌግራም ድምፅ ይቅዱልኝ» በይው። ስልክሽ ላይ ደግሞ በነፃ የሚወርድ የጊታር መቃኛ አፕ አለ፤ ክሩን ስትመቺው የትኛው ድምፅ ላይ እንዳለ፣ ወርዶ ይሁን ወጥቶ ያሳይሻል። የየክሩን ድምፅ በወረቀት ጽፈሽ ክራሩ ጀርባ ላይ ለጥፊው። የትኛውን ቅኝት እየተማረች እንደሆነም ጠይቂ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው ክሮቹ በተለየ መንገድ እንዲቃኙ ይፈልጋሉ። በትዝታ የተማረችውን ዜማ በባቲ በተቃኘ ክራር ብትሞክረው ሊሆንላት አይችልም።

የክራሩ ጥራትም ነገር አለው። ለግድግዳ ጌጥ ተብለው የሚሸጡ ክራሮች አሉ፤ ያምራሉ፣ ግን የእንጨት መቃኛቸው አንዴ ካጠበቅሽው በኋላ እየተንሸራተተ ይመለሳል። እንደ ጊታር በብሎን የሚጠብቅ መቃኛ ያለው ለእናትም ለልጅም ይቀላል። ክሩ ብረት ከሆነና ጣቷን የሚያማት ከሆነ መምህሩን አማክሪና ወደ ናይለን ለውጪው። የጣት ሕመምን ልጆች እንደ ስንፍና ይቆጠርብናል ብለው ይደብቁታል፣ ስለዚህ ጣቷን አንስተሽ እዪው።

ከዚያ ክራሩን ከቦርሳው አውጪና እጇ በሚደርስበት ከፍታ ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ቦርሳ ውስጥ ተቋጥሮ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ ክራር ለልጅ የለም ማለት ነው። ከከሰል ምድጃና ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ግን አርቂው፣ ቆዳው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይለዋወጣል።

አሁን ወደ ልምምዱ ልምጣ። «ተለማመጂ» የሚለው ቃል ለልጅ ምንም አይነግራትም። ምኑን? እስከ የት? መቼስ ያበቃል? ለአንድ ምሽት አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ስጫት። ግርፍ በሚባለው አጨዋወት ቀኝ እጇ ክሮቹን በሙሉ ይመታል፣ የግራ እጇ ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን ክሮች ይዘው ድምፃቸውን ያፍናሉ። ለትንሽ ልጅ ይህ የግራ እጅ ሥራ በጣም ከባድ ነው። አንድ ምሽት እሱን ብቻ፣ ቀስ አድርጋ፣ ያለ ዜማ ትሥራ። በሌላው ምሽት የዜማውን የመጀመሪያ ሐረግ ብቻ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ለእሷ ዕድሜ በቂ ነው፤ ገና ፍላጎቷ ሳያልቅ «ለዛሬ ይበቃል» በያት። ቅዳሜ ለ1 ሰዓት ተቀምጦ ሳምንቱን ሙሉ ሳይነኩ ከመክረም፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ መንካት እጅን በጣም ያላምዳል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች ኑሮ ይታወቃል። ልጆች ገና በማለዳ ሰርቪስ ይሳፈራሉ፣ ሲመለሱ ደክሟቸዋል፣ የቤት ሥራ ይጠብቃቸዋል፣ አባት ከሥራ ሲገባ መሽቷል። «ከራት በኋላ» ካልሽ ልጅቷ ሶፋው ላይ ተኝታ ነው የምታገኛት። እኛ ቤት የሠራው ከትምህርት ቤት ገብተው መክሰስ እንደበሉ፣ ደብተር ሳይከፈት በፊት ነው። ቤትሽ የከሰዓት ቡና የሚፈላበት ከሆነ ከእሱ ጋር አያይዥው፤ ቡናው ሲቆላ ክራሩ ይወርዳል፣ አቦሉ ሲቀርብ ይሰቀላል። ያኔ ማንም «ተለማመጂ» ማለት አያስፈልገውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዕድሉን ተጠቀሚበት። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ክራር ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ሁሉም ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቧል።

እኔ ከሁሉ በላይ የማምንበት ግን ይህ ነው፦ ልጅ የሚሰማት ሰው ትፈልጋለች። «ግቢና ተለማመጂ» ብለሽ በሩን ከዘጋሽባት ክራሩ ቅጣት ይሆንባታል። በገና ደርዳሪውን መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን አስቢ። እንጦጦ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ በገናን የወደዱት በ12 ዓመታቸው፣ በገና ደርዳሪው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የቤተሰባቸው ጎረቤት ሲሆኑ ነው። አለቃ ተሰማ በትምህርት ቤታቸውም በገና ያስተምሩ ነበር። ድምፁ ትምህርት ቤትም አለ፣ አጥር ማዶም አለ። የልጅሽ ክራር ግን ቅዳሜ ለ1 ሰዓት ብቻ ይሰማል፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ዝም ይላል። ስለዚህ ሽንኩርትሽን እየላጥሽም ቢሆን አጠገቧ ተቀመጪ። አታርሚያት፤ ማረም የመምህሩ ሥራ ነው። «እስኪ ለእኔም አሳዪኝ» በያትና ክራሩን ተቀበያት። ልጅ ስታስተምር ምን ያህል እንደምትጠነቀቅ ታያለሽ። አያት ካለች ትጠራ። የሠራችውን ቀድተሽ ለአክስቷ ላኪላት፣ አክስቷም በድምፅ ትመልስላት። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጎረቤቶችን አስቀድመሽ አናግሪ፣ ማታ ከ2 ሰዓት በፊት እንደሚያበቃም ንገሪያቸው። እኛ ፎቅ ላይ ያሉ እናቶች አሁን «ዛሬ ልጆቹ አልተጫወቱም?» ብለው ይጠይቃሉ።

ከላይ አስተያየት ከሰጡት አንዳንዶቹ ገንዘብ ስጫት ብለዋል። እኔ አልስማማም። በብር የጀመረ ልምምድ ብሩ የቆመ ዕለት ይቆማል። «የእከሌ ልጅ እኮ…» ማለትም ይቅር። ዛፍ ላይ ለመውጣት እየወደቀች ደጋግማ ስለሞከረችው ትልና ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረው ታሪክ ግሩም ነው፣ ማታ ሲተኙ ይነገር፤ ልጅቷ እያለቀሰች ለወቀሳ ሲወጣ ግን ታሪኩንም አብራ ትጠላዋለች። ይልቅ የሚደርስ ቀን ስጫት። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ጓደኞቿ ከበሮ ይዘው በየቤቱ ሲዘፍኑ እሷ በክራር ብታጅባቸው ብለሽ አስቢ። ዜማውን ታውቀዋለች፣ ጓደኞቿም ይጠብቋታል።

ልጄን ኪቦርድ በምን ላስጀምረው ብሎ ለጠየቀው ወንድማችንም በአጭሩ፦ ልጅህን መጀመሪያ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ እንዲጫወት ፍቀድለት። 5ቱ ጥቁሮች የሜጀር ትዝታን (የትዝታ ቅኝት አንዱ ዓይነት ነው) ድምፆች ይሰጡታል፤ የትኛውንም ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አገርኛ ዜማ ከእጁ ይወጣል። ከሦስቱ ጥቁሮች በፊት ካሉት ሁለቱ ጥቁሮች በሁለተኛው ላይ ቢነሳና ወደዚያው ቢመለስ ደግሞ የማይነር ባቲን (የባቲ ቅኝት አንዱ ዓይነት ነው) መልክ ያገኛል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር በባትሪም የሚሠራ መሆኑን አይተህ ግዛ።

እህቴ፣ ማቋረጡን በተመለከተ፦ ክራሩ ተቃኝቶ፣ ልምምዱ አጥሮ፣ የሚሰማት ሰው አግኝታ፣ ሁለት ወር ያህል ቆይታም ፊቷ ካልፈታ፣ ክራርን ማን እንደመረጠላት ጠይቂያት። ምናልባት የምትፈልገው ሌላ መሣሪያ ነው። ከልጆቼ አንዷ ክራሩን ትታ ወደ ዋሽንት ሄዳለች፤ ዋሽንት መቃኘት አይጠይቅም፣ ቦርሳ ውስጥም ይገባል፣ እሷም ደስተኛ ናት። መሣሪያ መቀየር ሙዚቃን ማቋረጥ አይደለም፣ የከፈልሽውም አልባከነም፤ ጆሮዋ ቅኝቱን ይዟል።

ለዚህ ቅዳሜ ግን መምህሩን የክፍሉን የመጨረሻ 10 ደቂቃ አብረሻት እንድትቀመጪ ለምኚው፤ አቃኛኘቱን እዪ፣ የሳምንቱን ሥራ በስልክሽ ቅጂ። የክራሩንም ፎቶ እዚህ ለጥፊልኝ፣ መቃኛው የእንጨት ይሁን የብሎን፣ ክሩም ምን እንደሆነ አይቼ የሚሻለውን እነግርሻለሁ።